በጉም ቀን የተከፈተው ሳጥን

የዶክተር ስመኝን ማረፍ የነገረችኝ ታናሽ እኅታቸው ናት። ጥሊሊ ገበያ መሃል ድንች እያስመዘንሁ ስልኬ ጮኸ። «መልካሙ፣ እታለም አረፈች» አለችኝ። እታለም የምትለው እሳቸውን፣ ታላቋን ነው። ድንቹን ሚዛኑ ላይ ትቼ ሚኒባስ ፍለጋ ሄድሁ።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ጥሩ ጥሩውን ሲያወራ ሰማሁ። እኔም ጥሩውን ማውራት አያቅተኝም፤ ስምንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ነገር ግን ያጠፋሁትን ዘልዬ ስለ እሳቸው ደግነት ብቻ ብጽፍ፣ በቁማቸው የዋሸኋቸውን ሴት ሞተውም ልዋሻቸው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

እሳቸው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ እኔ የቤተ ሙከራቸው ቴክኒሻን። ትውልዳቸው ከአዘና ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ስለሆነ፣ አማርኛቸው የተጣራ ቢሆንም ሲቆጥሩና ሲቆጡ ወደ አዊኛ ይመለሳሉ። ከነጩ ጋውን ሥር ሁለት ሹራብ ይደርባሉ፤ የእንጅባራ ብርድ ከፒኤችዲ በፊት ነው የሚያውቀኝ ይሉ ነበር። እስክሪብቷቸውን ጸጉራቸው ውስጥ ይሰኩና ክፍሉን ሙሉ ሲፈልጉት ይውላሉ። «ራስዎ ላይ ነው» ስላቸው «ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?» ብለው እኔኑ ይቆጡኛል።

ጎብኚ ሲመጣ ሥራቸውን የሚያስረዱት ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነበር። «ካሜራ ያያል እንጂ አያስታውስም። ያየውን ወደ ሌላ ቦታ ይልከዋል፣ እዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ ተወስዶ ይታሰባል። ኤሌክትሪኩን የሚበላው ይኸ መመላለስ ነው። ዓይንና አንጎላችን እንዲህ አይንከራተቱም።» ቀጥለው ስለ ሲናፕስ ይናገራሉ። ሲናፕስ በአንጎል ውስጥ አንዱ ሴል ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበት መገናኛ ነው፤ ደጋግሞ ሲሠራበት ይጠነክራል፣ ሲተዉት ይላላል። እሳቸው የሚሠሩት ይህን የሚመስል ሰው ሠራሽ ነገር ነበር። እኛ ብርጭቆ በምንላት ትንሽ ዝርግ የመስታወት ቁራጭ ላይ የተቀባ፣ በዓይን የማይለይ ስስ የዚንክ ኦክሳይድ ሽፋን። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ እንደ ልብ ያሳልፋል። ብርሃኑ ከጠፋም በኋላ ወዲያው አይዘጋም፤ ያየውን ለጊዜው ይዞ ይቆያል። ደጋግመው ሲያበሩበት ደግሞ የበለጠ ይይዛል።

ለምን ያህል ጊዜ? ጭንቀታችን ሁሉ ይህ ነበር። የእኛ ብርጭቆ አንድ ቀን ያህል አስታውሶ ይረሳል። ዶክተር ስመኝ አንድ ሳምንት ይፈልጉ ነበር። የግቢው ኃላፊ ደግሞ ክፍላችንን ለመጋዘን ሊወስደው ዓይኑን ጥሎበት ነበርና፣ የሚታይ ውጤት ካላመጣን ከዚያ ክረምት እንደማናልፍ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የእሳቸውን ጠባይ ለማሳየት አንድ ነገር ልናገር። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ዓይነ ስውር አባቱን እየመራ ከአዘና መጣ። ገበያ ላይ «ስመኝ ዓይን ትሠራለች» ሲባል ሰምቶ ነው። ዶክተር ስመኝ ወንበር ሰጥተው አስቀመጧቸውና በአዊኛ ረዘም አድርገው አነጋገሯቸው። ሰውዬው ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው ይመስለኛል፣ «ትንሽም ቢሆን ይሞክሩለት፣ እኛ አንቀየምዎትም» አለ።

«የምሠራው ዓይን አይደለም» አሉት። «ብርሃን አይቶ የሚያስታውስ ብርጭቆ ነው። ለአባትህ የሚሆን ነገር የለኝም።»

ዝም ብለው አልሸኟቸውም። የዕለቱን ትምህርታቸውን ሰርዘው ከሁለቱ ጋር በባጃጅ እስከ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሲመለሱ ጋውናቸውን ሳያወልቁ እንደ ቆሙ «መልካሙ፣ እነዚህ ሰዎች በወሬ ነው የግማሽ ቀን መንገድ የተጓዙት» አሉኝ። «ከዚህ ክፍል ያልተረጋገጠ ነገር አንዲት ቃል እንዳትወጣ።» እሺ አልኳቸው። ስናገረው እንኳ ያሳፍረኛል፤ በሙሉ ልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

የሳምንቱ ሙከራ የተጀመረው በሐምሌ ነው። ብርጭቆው ላይ አምስት በአምስት የተደረደሩ ሃያ አምስት ነጥቦች ነበሩ። «በ» ፊደል ተቆርጦ የወጣበት ጥቁር ካርቶን ለጠፍንበትና በቀዳዳው በኩል በማይታየው የብርሃን ዓይነት፣ በአልትራቫዮሌት መብራት፣ ደጋግመን አበራንበት። ሽፋኑ እንዳይቧጨር ካርቶኑን ሳንነቅል ብርጭቆውን ሳጥን ውስጥ አስገባነው። ሳጥኑ የእንጨት ነው፤ ውስጡ ጥቁር ተቀብቶ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። ከሰባት ቀን በኋላ ከፍተን ነጥቦቹ አሁንም «በ»ን ያስታውሱ እንደሆነ እንለካለን። እስከዚያ ብርሃን የሚባል አይነካውም።

ዶክተር ስመኝ አንድ የማይሻር ደንብ ነበራቸው። ክዳኑ ከሳጥኑ ጋር በሚገጥምበት ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ ሳጥኑን የከፈተ ሰው ስሙን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ይጽፍበታል። እሳቸው ራሳቸው ቢከፍቱም ይጽፋሉ። መክፈት የግድ ከሆነ በቀይ መብራት ብቻ ነው፤ ቀይ ብርሃን ሽፋኑን አይቀሰቅሰውም።

በስድስተኛው ቀን ዶክተር ስመኝ ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ እኔ ብቻዬን ነበርሁ። መብራት ጠፍቷል። እርጥበቱ ደግሞ ለጉድ ነው፤ ግድግዳው ያልበዋል። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አለ፤ ያ ከረጢት ጠጥቶ ጠጥቶ ከሞላ ሽፋኑ ይበላሻል ብዬ ተጨነቅሁ። ልቀይረው ወሰንሁ። ቀዩ መብራት ባትሪ ጨርሷል። በመስኮቱ አየሁ፤ ውጭው ጉም ነው። የእንጅባራን የሐምሌ ጉም ያየ ያውቀዋል፣ አጥሩ እንኳ አይታይም። በዚህ ጨለማ ምን ብርሃን አለና ብዬ ወረቀቱን በጥንቃቄ አንሥቼ ሳጥኑን መስኮቱ ሥር ከፈትሁት። አሮጌው ከረጢት ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ነበርና እሱን ሳላቅቅ፣ አዲሱን ሳስተካክል ቆየሁ።

ክዳኑን ከገጠምሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ያ የማይታየው ብርሃን በጉምም በደመናም ያልፋል። ይህን ለተማሪዎች ስንት ጊዜ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ ራሴም ለጀማሪዎች አስረድቻለሁ። በጉም ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ጉምን እንደ ጥላ ነው የሚያየው፤ እውቀቱ አንድ ቦታ፣ ልማዱ ሌላ ቦታ ነው። ካርቶኑ ከላዩ ስላልተነቀለ፣ የሰማዩ ብርሃን በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ያንኑ ፊደል እንደገና ጽፎበታል።

ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። እስክሪብቶውን አንሥቼም ነበር። ከጻፍሁ ሙከራው ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ኃላፊው የሰጠን ቀን ደግሞ ያልፋል። የሚቆጡኝ ቁጣም ታየኝ። ምናልባት ምንም አልሆነ ይሆናል አልሁና ወረቀቱን እንደ ነበረ መልሼ ለጠፍሁት።

በሰባተኛው ቀን እንጅባራ ላይ መብራት አልመጣም ነበር። ልኬቱ ያለ ኤሌክትሪክ አይሆንም። ዶክተር ስመኝ ዳንግላ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የሚያስተምር የድሮ ተማሪያቸውን አገኙ፤ እዚያ ጀነሬተርም መለኪያም አለ። ሳጥኑን በጥቁር የቤተ ሙከራ ጨርቅና በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈውት ሚኒባስ ገባን። መንገዱ ያን ሰሞን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚሄድ ሰው ለቤተሰቡ ተናግሮ ነው የሚሄደው።

ግማሽ መንገድ ላይ ታጣቂዎች አስቆሙን። የማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም፤ አይጠየቅም። ሁላችንም ወርደን ተደረደርን። ዕቃ እያስፈቱ ሲመጡ አንዱ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው፣ ዶክተር ስመኝ ፊት ቆመ።

«ምንድን ነው የታቀፍሽው?»

«ሳጥን ነው። ውስጡ ብርጭቆ አለ።»

«ክፈቺው።»

«እከፍተዋለሁ። እዚህ ፀሐይ ላይ ግን አልከፍተውም። ብርሃን ከነካው የሳምንት ሥራ ይጠፋል።»

ሰውዬው የሚቀልዱበት መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ። መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ አፈሙዙን ደረታቸው ላይ አደረገ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት ሴት «ኧረ ይክፈቱለት፣ በአንድ ሳጥን ሊያስፈጁን ነው?» አለች። ሾፌሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። ዶክተር ስመኝ ሳጥኑን የበለጠ ጠበቅ አድርገው ያዙት። ከንፈራቸው ሲነጣ አየሁ።

እኔ ከእሳቸው ቀጥሎ ነበር የቆምሁት። «ግድ የለም፣ ይክፈቱት፣ ቀድሞም ተከፍቷል» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። አልወጣም። አፈሙዙን እያየሁ እንኳ የፈራሁት የእሳቸውን ዓይን ነበር፤ እንዲህ ያለ ፈሪ በሰው አላየሁም።

ዶክተር ስመኝ ከሰውዬው አነጋገር ውስጥ አንድ ነገር ሰምተው መሰለኝ፣ በአዊኛ አናገሩት። ሰውዬው ደነገጠ። በአዊኛ መለሰ። አፈሙዙ ትንሽ ዝቅ አለ። ከዚያ አጠገባችን ወደ ነበሩ ሽማግሌ ዞሩና «አባቴ፣ ጋቢዎን ያውሱኝ» አሉ። ጋቢውን ለሁለት አጥፈው በራሳቸውና በሳጥኑ ላይ ደረቡት፤ ጥቁሩን የቤተ ሙከራ ጨርቅ ከላይ ጨመሩበት። ስልካቸው መብራት ላይ ቀይ ላስቲክ አሥረው «ና፣ ግባና እይ» አሉት።

መሣሪያውን ለጓደኛው ሰጥቶ ገባ። አስፋልቱ ዳር ሁለት ሰው ጋቢ ውስጥ ተንበርክኮ ሲንሾካሾክ ሁላችንም ቆመን አየን። የሣቀ የለም። ስንት ደቂቃ እንደቆዩ አላውቅም። ሰውዬው ብቅ ሲል ፊቱ ላይ ላብ አለ።

«ብርጭቆ ነው» አለ ለጓደኞቹ። ወደ እሳቸው ዞሮ «እናቴ፣ ለዚህች ብለው ነው ሊሞቱ የነበረው?» አላቸው።

«ሰባት ቀን ጠብቄያታለሁ» አሉት።

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ክዳኑ ላይ ባለው ወረቀት ስማቸውን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ጻፉ። እጄን ያዝ አድርገው «መልካሙ፣ አልተነካም» አሉኝ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ከዳንግላ መናኸሪያ እስከ ማሠልጠኛው በጋሪ ሄድን። ፈረሱ ኮብልስቶኑ ላይ ሲረግጥ ሳጥኑ እንዳይናወጥ ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ይዘውታል። እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት ከፈቱት። መጀመሪያ የነኩት እርጥበት መጣጩን ከረጢት ነው። «እየው፣ ጨርሶ አልረጠበም። እንዴት ያለ ሳጥን ነው የሠራነው!» አሉ። ቀጥለው ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየለኩ፣ ቁጥሩን በአዊኛ እያነበነቡ፣ ወረቀት ላይ መዘገቡ። ሃያ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ወረቀቱ ላይ «በ» ፍንትው ብሎ ይታያል። ዶክተር ስመኝ አለቀሱ።

«ከእኔ በቀር ክዳኑን የነካ ሰው የለም አይደል?» አሉኝ። ሲጠይቁ የድሮ ተማሪያቸው ቆሞ ይሰማ ነበር።

«የለም» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሆነ። ጽሑፉ ውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጣ፤ ስሜን ከስማቸው ቀጥሎ ጻፉት። ኃላፊው ክፍሉን ረሳው፤ እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ እያመጣ ያስጎበኘው ጀመር። ከማናውቀው አገር ደብዳቤ መጣላቸው። እንዴት አደረጋችሁት የሚል ነበር። ቆይቶ ሌላ መጣ። ደግመን ሠራነው፣ በሁለተኛው ቀን ይረሳል፣ ምን ጎደለን የሚል ነበር።

ዶክተር ስመኝም ደግመው ሠሩት። በሁለተኛው ቀን ረሳ። አሁንም ሠሩት፣ ረሳ። የሽፋኑን ውፍረት ቀየሩ፣ ሙቀቱን ቀየሩ፣ ብርጭቆውን በሌላ ዘዴ አጠቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አርባ ሦስት ጊዜ። የዕረፍት ቀን አልነበራቸውም። ምሳ ይረሳሉ። «ያኔ ምን አድርገን ነበር መልካሙ? እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይሉኛል። እኔም ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ፤ ስድስተኛውን ቀን ብቻ እየዘለልሁ። ቀኑ በጨመረ ቁጥር መናገሩ እየከበደ ሄደ። በመጀመሪያው ሳምንት ብናገር ቁጣ ነበር፤ በዓመቱ ምን እንደሚሆን ማሰብ አቃተኝ። ለራሴ ምክንያት አላጣሁም። ክፍሉ ይወሰዳል፣ ስማቸው ይጠፋል፣ ይሰበራሉ። እውነቱ ፈርቼ ነው።

ሦስተኛው ዓመት ሲገባ ታመሙ። ጉበት ነው አሉ። ዳንግላ እኅታቸው ቤት ተኙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ከትራሳቸው ሥር የልኬት ደብተር አየሁ። ሰውነታቸው አልቋል፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የቀረው። ገና ሳልቀመጥ «አርባ አራተኛውን አንተ ጀምርልኝ። የውኃው ንጽሕና ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ» አሉኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልሁም። ቆሜ እንዳለሁ ነገርኳቸው። ጉሙን፣ ከረጢቱን፣ ወረቀቱን እንዴት እንደለጠፍሁት።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«ከረፋዱ አራት ተኩል ገደማ።»

«ክዳኑ ተከፍቶ ስንት ደቂቃ ቆየ?»

«ስድስት... ሰባት ቢሆን ነው።»

«መስኮቱ መስታወት አለው፤ የምሥራቁ ነው?»

«የምሥራቁ።»

ደብተሩን ከትራስ ሥር አወጡ። እኅታቸውን እስክሪብቶ አስመጥተው፣ በተኙበት ማስላት ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ሰረዙ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ እውነቴን ነው፣ በራ። «ይመጣል!» አሉ። «ከስድስተኛው ቀን ብትቆጥረው ልክ ያ ቁጥር ይመጣል። ብርጭቆው አልዋሸንም እኮ።» በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲደሰቱ አላየኋቸውም። እኔም ሞኙ ቀለል አለኝ፣ ፈገግ አልሁ።

«ጻፍ» አሉኝ። ለመጽሔቱ የሚላክ ደብዳቤ ነው። ስለ ጥፋት ምንም አላስጻፉኝም። ሳጥኑ በስድስተኛው ቀን ለሰባት ደቂቃ ያህል መከፈቱን፣ ስለዚህ ውጤቱ እንዲሰረዝ መጠየቃቸውን ብቻ። ስልኬ ላይ ጽፌ አነበብሁላቸው። «ባለ ማወቅ ተከፍቷል» ብዬ ነበር። «ባለ ማወቅ የሚለውን አውጣው» አሉኝ። አወጣሁት።

ደብተሩን ከደኑት። ደስታው ከፊታቸው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። ጣራ ጣራውን እያዩ «ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን ስጠረጥር ነበር» አሉ። «አረጀሁ፣ እጄ ከዳኝ እያልሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ደብተሩን ከትራሱ ሥር መልሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ቀን መንገድ ላይ፣ ያ ልጅ መሣሪያውን ደረቴ ላይ ሲያደርግ፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሌላ የምጨምረው ነገር ካለ የጠበቁኝ ይመስለኛል።

«እንግዲህ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ላከው» አሉ። «ከዚህ በኋላ ወደዚህ አትምጣ።»

ግቢው በር ላይ ቆሜ ላክሁት። ሄዷል የሚለውን ምልክት እስካይ ድረስ ጠበቅሁ። ተመልሼ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ አትምጣ ብለውኛልና እኅታቸው ወጥታ በሩን ስትዘጋው አየኋት።